የመኪናና የጋሪ ዘንግ

እህላችሁ በመኪና ተጭኖ ገበያ ሲሄድ፣ ወይም በሽተኛ በጋሪ ተጭኖ ጤና ጣቢያ ሲደርስ፣ ሸክሙን ሁሉ የሚችለው ማን ነው? ብዙ ሰው «ሞተሩ ነው» ወይም «ፈረሱ ነው» ይላል። ሞተርና ፈረስ ግን ዋናው ሥራቸው መጎተት ነው። ሸክሙን የሚችለው ከጭነቱ በታች ተጋድሞ ከአንዱ ጎማ እስከ ሌላው የሚደርሰው ብረት ነው። ይህ ብረት ዘንግ ይባላል። በጋራዥ ቋንቋ አክስል ይሉታል።

ዘንግ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አይታይም። ስለዚህ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ሲሰበር ግን ያን ጊዜ ሁሉም ያውቀዋል። ጎማ ይወጣል፣ መኪና ይገለበጣል፣ የዓመት ልፋት የሆነው እህል ገደል ይገባል። ከሁሉም በላይ የሰው ሕይወት ይጠፋል።

እኛ ከከተማ የመጣነው ስለ ሞፈርና ስለ ቀንበር ከእናንተ ተምረናል። እናንተም ስለ ዘንግ ብታውቁ ትጠቀማላችሁ ብለን ይህን ጻፍን። ዘንግ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚሰበር፣ እንዴት እንደሚጠበቅና እንዴት እንደሚሻሻል በየተራ እንመለከታለን።

1. ዘንግ የሚታወቅበት ሰፈር

አዲስ አበባ ውስጥ ልደታ የሚባል አካባቢ አለ። ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የከተማው የቀድሞ አውሮፕላን ማረፊያም በዚሁ በልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጉዞውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚያ ተነሥቶ ነው። አውሮፕላንም ቢሆን በሰማይ ሳለ ክንፉ ይሸከመዋል እንጂ፣ መሬት ሲነካ ክብደቱን የሚጥለው በጎማዎቹ ዘንግ ላይ ነው።

ዛሬ በልደታ የድሮዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው በቦታቸው ፎቆች ተሠርተዋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርም በዚያ ያልፋል። ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ የሙያ ትምህርት የሚሰጥበት ተግባረ ዕድ አለ። ከልደታ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ በመኪና መለዋወጫ ንግድ ስሙ የታወቀው ሶማሌ ተራ ይገኛል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ከገጠር የተሰበረ ዘንግ ይዞ የሚመጣ ሰው ማየት አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ ሌላ ዘንግ ይገዛል። ሌላው ቶርኖ ቤት ገብቶ ያስቀርጻል። ሦስተኛው ገንዘብ ይቆጥብልኛል ብሎ ያስበይደዋል። የዚህ የሦስተኛው ነገር አደገኛ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

መኪና ወደ አገራችን ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ገብቶ ለዐፄ ምኒልክ አስረከበ። በዚያን ጊዜ የመኪና መንገድ ስላልነበረ ድንጋዩና ጉድጓዱ ሁሉ ያረፈው በመኪናዋ ጎማና ዘንግ ላይ ነው። ዛሬም ቢሆን በብዙ ቦታ ወደ ገጠር የሚወስደው መንገድ ጠጠርና ጭቃ ነው። የእኛ አገር ዘንግ ብዙ ይፈተናል የምንለው ለዚህ ነው።

2. የማይዞር ዘንግና የሚዞር ዘንግ

ዘንግ ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው የማይዞር ዘንግ ነው። በክር ላይ ያለ ዶቃ አስቡ። ዶቃው ይዞራል፣ ክሩ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። የጋሪ ዘንግ እንዲህ ነው። ጎማው በዘንጉ ጫፍ ላይ ይዞራል፣ ዘንጉ ግን አይዞርም። የብዙ ጭነት መኪና የፊት ዘንግም እንደዚሁ ነው። ሥራው ሸክም መቻል ብቻ ነው። ቀንበር በሁለት በሬዎች ጫንቃ ላይ እንደሚጋደም፣ ይህም ዘንግ በሁለት ጎማዎች መካከል ይጋደማል።

ሁለተኛው የሚዞር ዘንግ ነው። የእናቶችን እንዝርት አስቡ። በእንዝርት ላይ ያለው ክብ ነገርና እንጨቱ አብረው ይሽከረከራሉ። እንጨቱ ሲዞር ክቡም ይዞራል። የብዙ መኪና የኋላ ዘንግ እንዲህ ነው። ሞተሩ የሚሰጠውን ጉልበት ተቀብሎ ጎማውን ያዞራል።

ታዲያ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ ዘንግ ቢያያዙ ምን ይሆናል? መልሱን በአውድማ ላይ ታገኙታላችሁ። በሬዎች ጎን ለጎን ተጠምደው እህል ሲያበራዩ፣ በመሐል ያለው በሬ ባለበት ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል። በዳር ያለው ግን ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሁለቱን እኩል ተራመዱ ብትሏቸው አንዱ ይጎተታል ወይም ይወድቃል። መኪናም ሲጠመዘዝ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ የኋላው ዘንግ ከመሐል ለሁለት ተከፍሏል። በመሐሉ ጥርስ ያላቸው ብረቶች የተቀመጡበት ክብ ሣጥን አለ። ይህ ዲፈረንሻል ይባላል። ሥራው ሁለቱ ጎማዎች እንደ መንገዳቸው ርዝመት አንዱ ፈጠን፣ አንዱ ቀስ ብለው እንዲዞሩ ማድረግ ነው።

በሚዞሩት ዘንጎችም መካከል ልዩነት አለ። በትልልቅ የጭነት መኪናዎች ሸክሙን የሚችለው ዘንጉ ያለበት ወፍራም የብረት ቱቦ ነው። በውስጡ ያለው ዘንግ ጎማ ማዞር ብቻ ነው ሥራው። ይህ ዘንግ ቢሰበር መኪናው ይቆማል እንጂ ጎማው አይወጣም። በብዙ ትንንሽ መኪናዎች ግን አንዱ ዘንግ ሁለት ሥራ አለበት። ያዞራልም፣ ይሸከማልም። እሱ ከተሰበረ ጎማው ከነቸርኬው ሊወጣ ይችላል። በትንሽ መኪና ላይ ብዙ ሰውና ብዙ ጭነት መቆለል ይበልጥ የሚያስፈራው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

3. ብረት ለምን ይሰበራል?

«ብረት እንዴት ይደክማል?» የሚል ሰው ይኖራል። ቀጭን ሽቦ ያዙና ወዲያና ወዲህ አጣጥፉት። በመጀመሪያው መታጠፍ አይሰበርም። በሁለተኛውም አይሰበርም። ደጋግማችሁ ስታጥፉት ግን ይበጠሳል። ያለ መጥረቢያ፣ ያለ መዶሻ፣ በመታጠፍ ብቻ ተበጠሰ ማለት ነው።

ሸክም ያለበት ዘንግም ዐይን በማያየው መጠን ይጎብጣል። ዘንጉ እየዞረ ሲጎብጥ አንድ ጊዜ የላይኛው ጎኑ ይጨመቃል፣ ግማሽ ዙር ሲዞር ያው ጎኑ ይወጠራል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ድረስ ይህ ነገር ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። በመጨረሻ ከላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይጀምራል። ስንጥቁ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይገባል። የቀረው ብረት ሸክሙን መቻል ሲያቅተው ዘንጉ በድንገት ቀጭ ይላል። ሹፌሩ «አሁን ደህና ነበር» ይላል። ደህና አልነበረም። ውስጥ ውስጡን ሲሰነጠቅ ቆይቷል።

ይህን ነገር ዓለም የተማረው በብዙ ሰው ሞት ነው። በ1834 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ሰው ጭኖ ይሄድ የነበረ ባቡር የጎታቹ ዘንግ ተሰበረ። ባቡሩ ከሐዲዱ ወጣ፣ እሳት ተነሣ፣ ከሃምሳ የማያንሱ ሰዎችም አለቁ። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶች የዘንግን ነገር አጥብቀው መመርመር ጀመሩ። ቮለር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ የባቡር ዘንጎችን እያጎበጠና እያዞረ ለብዙ ዓመታት ፈተነ። ያገኘውም ነገር ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ ቢጫን የማይሰብር ሸክም፣ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ይሰብራል።

የዘንግን መሰበር የሚያፋጥኑ ነገሮች አራት ናቸው።

ሀ) ከመጠን በላይ መጫን። 35 ኩንታል እንዲጭን በተሠራ መኪና ላይ 50 ኩንታል ቢጫን፣ ባለመኪናው 15 ኩንታል አተረፍኩ ይላል። የዘንጉ ዕድሜ ግን በጥቂት ሳይሆን በብዙ እጥፍ ያጥራል።

ለ) በጉድጓድ ላይ መፍጠን። አንድ ጆንያ ቀስ ብሎ በትከሻችሁ ላይ ቢቀመጥና ያው ጆንያ ከላይ ቢወረወርባችሁ አንድ ነው እንዴ? አይደለም። ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ሸክሙ በዘንጉ ላይ እንደተወረወረ ጆንያ ያርፋል።

ሐ) ጭረትና ሹል ማዕዘን። ስንጥቅ የሚጀምረው በመዶሻ ከተመታ፣ ከተጫረ ወይም ከዛገ ቦታ ነው። ወፍራሙ ዘንግ በአንድ ጊዜ ቀጭን በሚሆንበት ደረጃ ላይም ይጀምራል። ስለዚህ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ ያንን ደረጃ እንደ ሣጥን ጥግ ሹል አያደርገውም። እንደ እንስራ አንገት ክብብ አድርጎ ያወርደዋል።

መ) መሳሳት። የክብ ዘንግ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር ያለው ነገር ያስገርማል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጉብጠትን የመቋቋም ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሲሳሳም እንዲሁ ቶሎ ይደክማል። 50 ሚሊ ሜትር የነበረ ዘንግ ተበልቶ 45 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የተበላው አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከጥንካሬው ግን ከሩብ በላይ አጥቷል።

4. ዘንግ እንዴት ይጠበቃል?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። የተሰበረ ዘንግ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ጥበቃው ግን ዐይንን፣ ጆሮንና እጅን ብቻ ይጠይቃል።

በዐይን፤ ጎማው ከውስጥ ወገን በዘይት ረጥቦ ከሆነ የዘይት ማገጃው ጎማ ተበልቷል ማለት ነው። ዘይቱ ወደ ፍሬን ከገባ ፍሬን አይዝም። ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ከሆነ ዘንጉ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። የቸርኬው ዳዶዎች አለመላላታቸው በየጧቱ መታየት አለበት።

በጆሮ፤ መኪናው ሲፈጥን እየጨመረ የሚሄድ የወፍጮ ዓይነት ጉርምርምታ ከተሰማ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታ በጎማውና በዘንጉ መካከል ሆኖ ጎማውን በቀላሉ የሚያዞረው፣ ትንንሽ የብረት ኳሶች ወይም ድብልብል ብረቶች ያሉበት ቀለበት ነው። መኪናው ሲነሣ «ቋ» የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ የዘንጉ ወይም የዲፈረንሻሉ ጥርስ ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

በእጅ፤ ከጉዞ በኋላ የጎማውን እምብርት በጥንቃቄ ዳስሱ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ግራሶ አጥቷል ወይም ፍሬኑ ይዟል። ከዚያም መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ ተደርጎለት፣ ጎማው ላይና ታች ተይዞ ይነቅነቅ። ከተወዛወዘ ላልቷል። ማንም ሰው በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር እንዳይገባ። ክሪክ ይንሸራተታል።

የጋሪ ኩሽኔታ ግራሶ እንዲህ ይቀየራል። ኩሽኔታውን አውጥቶ አሮጌውን ግራሶ በላምባ ወይም በናፍጣ ማጠብ ነው። በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ፣ የተቦረቦረ ወይም የጠቆረ ኳስ ካለ መለወጥ ነው። ከዚያ አዲስ ግራሶ በእጅ እየጫኑ በኳሶቹ መካከል ማስገባት ነው። አቧራ በገባበት ግራሶ መቀባት ግን ኩሽኔታውን በአሸዋ እንደ መፍጨት ይቆጠራል። ዳዶው ሲጠብቅም ልክ አለው። ጎማው መዞር እስኪያቅተው ድረስ ከተጠበቀ ኩሽኔታው ይነዳል። ከላላ ደግሞ ጎማው ይወላገዳል። ጎማውን እያዞሩ ማጥበቅ፣ መክበድ ሲጀምር ጥቂት መልሶ ማላላት፣ በመጨረሻም ዳዶው እንዳይፈታ ማገጃውን ሽቦ ማስገባት ነው።

በክረምት ወንዝ የሚሻገር መኪና ሌላ ችግር አለበት። ውኃ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዘይቱ ውኃ ከገባበት መልኩ ወተት ይመስላል። ያ ዘይት ጥርሶቹን ስለማያለሰልስ ወዲያው መለወጥ አለበት።

5. ዘንግን ማሻሻል

ብዙ የጋሪ ባለቤቶች የእንጨት ዘንጉን ትተው የአሮጌ መኪና ዘንግ ከነጎማውና ከነኩሽኔታው ያስገጥማሉ። ይህ ጥሩ መሻሻል ነው። እንጨት በእንጨት ላይ ወይም ብረት በብረት ላይ ሲፋተግ የእንስሳው ጉልበት በከንቱ ያልቃል። በኩሽኔታ ላይ የሚዞር ጎማ ግን ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ጎማው ቀለለ ብሎ ጭነት መጨመር በፈረሱ ላይ መፍረድ ነው። ዳገቱና ቁልቁለቱ እንደ ቀድሞው ነው።

አሮጌ ዘንግ ስትገዙ የሚከተሉትን አድርጉ።

መጀመሪያ፣ የተሰበረውን ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመቱን፣ ውፍረቱንና የጥርሱን ቁጥር ከሚገዛው ጋር አስተያዩ። የቀኙና የግራው ዘንግ ርዝመት የሚለያይበት መኪና አለና በዓይነ ግምት አትግዙ።

ሁለተኛ፣ ዘንጉን በለጥ ባለ ሲሚንቶ ላይ አንከባሉት። እየዘለለ የሚንከባለል ከሆነ ጎብጧል።

ሦስተኛ፣ በገመድ አንጠልጥላችሁ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ደህና ብረት እንደ ደወል ይጮኻል። የተሰነጠቀ ግን እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ የፈዘዘ ድምፅ ያሰማል።

አራተኛ፣ በሚገባ ጠርጋችሁ ላምባ ቀቡት። ጥቂት ቆይታችሁ ላምባውን አድርቁና የኖራ ወይም የጠመኔ ዱቄት ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የገባው ላምባ ወጥቶ በነጩ ዱቄት ላይ የረጠበ መስመር ያሳያል። ይህ ዘዴ በድሮ ጊዜ የባቡር ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነው። ብዙ ወጪ አይጠይቅም፣ የሰው ነፍስ ግን ያድናል። ዱቄቱ ምንም ባያሳይ ግን ዘንጉ ለመኪና ከሆነ ለባለሙያ ማሳየት አይቀርም።

አሁን ወደ ብየዳው እንመለስ። የሚዞር ዘንግ የሚሠራው በእሳት ግሎ፣ በልክ ቀዝቅዞ ከጠነከረ ብረት ነው። ማረሻችሁን ባለእጁ አግሎ ውኃ እንደሚያጠጣው ማለት ነው። የብየዳ እሳት ያንን ጥንካሬ ያበላሻል። በብየዳው ዳር ያለው ብረት ከፊሉ እንደ ሸክላ ተሰባሪ፣ ከፊሉ እንደ እርሳስ ለስላሳ ይሆናል። ስለዚህ የተበየደ ዘንግ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከብየዳው አጠገብ ነው። የተሰበረ ዘንግ ይለወጣል እንጂ አይበየድም።

ሌላም የተሳሳተ ሐሳብ አለ። አንዳንድ ባለመኪናዎች ብዙ ለመጫን ሲሉ ባሌስትራ ያስጨምራሉ። መኪናው ሲጫን ወደ ታች ስለማይል «ጠነከረ» ይላሉ። ባሌስትራ ቢጨመር ዘንጉ አይወፍርም። ፍሬኑም አይጨምርም። በደካማ ሰው ትከሻ ላይ ወፍራም ሸማ ቢደረብ ትከሻው ይጠነክራል እንዴ? ብዙ መጫን የሚፈልግ ሰው መፍትሔው ለዚያ ጭነት የተሠራ መኪና ነው።

ጭነት ሲደረደርም ዘዴ አለው። ሁለት ሰዎች አንድ ኩንታል በዘንግ አንጠልጥለው ሲሸከሙ፣ ኩንታሉ ወደ አንዱ ቢጠጋ ያ ሰው ይጨነቃል። ጋሪና መኪናም እንደዚሁ ናቸው። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካመዘነ አንደኛው ጎማና ኩሽኔታ የሌላውን ድርሻ ይሸከማሉ።

6. መንገደኛው ምን ያድርግ?

«እኔ መኪና የለኝም፣ ይህ ሁሉ ለእኔ ምኔ ነው?» የሚል ይኖራል። መኪና ባይኖራችሁም በመኪና ትሄዳላችሁ። ልጆቻችሁም ይሄዳሉ። እህላችሁን የምታስጭኑት እናንተ ናችሁ። ኪራዩ ረከሰ ብላችሁ በሃምሳ ኩንታል ላይ አሥር ብትጨምሩ፣ ከላዩም ሰው ቢሳፈር፣ አደጋው የሹፌሩ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት ጎማውን ተመልከቱ። ዘይት ከረጠበበት፣ ዳዶ ከጎደለው፣ ወይም መኪናው ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ሹፌሩን ጠይቁ። በመንገድ ላይ ከጎማ ወገን እንግዳ ድምፅ ከሰማችሁ ዝም አትበሉ። ሹፌሩ ቢቆጣም «ወንድሜ፣ ወርደህ እየው» በሉት። ማንበብ የቻለ ሰው ለመጠየቅም አያፍርም። አንድ ሰዓት ዘግይቶ በሰላም መግባት ይሻላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በማይዞር ዘንግና በሚዞር ዘንግ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. የመኪና የኋላ ዘንግ ከመሐል ለሁለት የተከፈለው ለምንድን ነው? የአውድማውን ምሳሌ እያስታወሳችሁ መልሱ።
3. የተሰበረ ዘንግ የማይበየደው ለምንድን ነው?
4. 50 ሚሊ ሜትር የነበረ ዘንግ ተበልቶ 45 ሚሊ ሜትር ቢሆን በእሱ ላይ የቀድሞውን ያህል መጫን ይገባል? ለምን?
5. በሰፈራችሁ ጋሪ ያለው ሰው ካለ ከእሱ ጋር ሆናችሁ ጎማውን እያዞራችሁ አዳምጡ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን በአምስት መስመር ጻፉ።